አውሮፕላኑ ያለበት፣ አውሮፕላኑ የወደቀበት

ኦልድሃው፣ ደርቢሸር፣ እንግሊዝ
ሴፕቴምበር 12 ቀን 1978

ለተከበሩ ወይዘሮ ሄስተር ገለስፒ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባይቀበሉት አልፈርድብዎትም፤ ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን አልቀበለውም ነበር።

ደብዳቤው የተላከው ለማኅበራችን ሊቀ መንበር ለአቶ ሌናርድ ፖጊት ነው። እሳቸው አንብበው «መልስ አያስፈልገውም» አሉና ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ቀድሞ መምህር ነበርኩ። በእኛ ማኅበር የጸሐፊ ሥራ፣ መልስ አያስፈልጋቸውም ለተባሉ ሰዎች መልስ መስጠት ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ፤ አዎን፣ ዓይንዎ አላሳተዎትም። በመጽሐፋችን ላይ የታተመው እንዲህ ነው፤ «በ1943 ዲሴምበር ከልምምድ በረራ ሲመለስ የነበረው ቦምብ ጣይ፣ አቅጣጫ መሪው ሳጅን ኮሊን ሬኒክ መንገዱን በመሳቱ፣ ከብላክሾው ሸንተረር ጋር ተላትሞ በውስጡ የነበሩት ሁሉ አለቁ።» በመጪው ጁን በሚተከለው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይም ይኸው ቃል እንዲቀረጽ ተወስኗል።

«ይህን የጻፈው ማነው? እዚያ ነበር?» ብለዋል። የጻፉት አቶ ፖጊት ናቸው፤ አልነበሩም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኢንሹራንስ ሰው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን አደጋ በደረሰ ቁጥር ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሲወስኑ ስለኖሩ፣ ጥፋተኛ የሌለበት አደጋ ካዩ እህል አይወርድላቸውም።

እኛ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆንን ለማወቅም ፈልገዋል። በጦርነቱ ጊዜ በዚህ ረግረጋማ ደጋ ላይ የወደቁ አውሮፕላኖችን እየፈለግን የምናገኝ ሰዎች ነን። በእነዚህ ኮረብቶች ላይ ከጠላት መድፍ ይልቅ ጉሙ ብዙ አውሮፕላን ጥሏል፤ የጠላት መድፍ ግን የራሱ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉት፣ ጉም የለውም። ሚስቶቻችን «ከመጠጥ ቤት ይሻላል» ይሉናል። ስንወርድ የምንገባው የት እንደሆነ አልነገርናቸውም።

የአቶ ፖጊት ማስረጃ ይህ ነው። የጦር ሰፈሩ ከሸንተረሩ በስተ ምዕራብ ነበር። በአውሮፕላኑ የነበሩት ልጆች የሚመለሱት ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ በኩል ነው። ስብርባሪው ግን ያለው በምዕራብ ጎን፣ ልክ ከገደሉ ሥር ባለው ሸለቆ ውስጥ ነው። ከምሥራቅ የመጣ አውሮፕላን ገደሉን ተሻግሮ ግርጌው ላይ አይወድቅም። ስለዚህ ሰፈራቸውን ሳያዩ አልፈው፣ ጠፍተው፣ ወደ ኋላ ሲዞሩ ነው የተላተሙት ማለት ነው። አነጋገሩ ጭካኔ አለበት፤ ሐሳቡ ላይ ግን እስካሁን እንከን ያገኘ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ወንድምዎ በልጅነቱ አቅጣጫ የሚለይ ነበር?

በታላቅ አክብሮት፣
ኤድጋር ሺምዌል

* * *

ራንፈርሊ፣ ኦታጎ፣ ኒው ዚላንድ
ኦክቶበር 9 ቀን 1978

አቶ ሺምዌል፣

እንደምን ሰነበቱ። ጤናዬ ጥሩ ነው፤ የተቆጣ ሰው ጤናው ጥሩ ይሆናል፣ ደሙ ይንቀሳቀሳል።

ወንድሜ አቅጣጫ ይለይ እንደሆነ ጠየቁኝ። ኮሊን በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ጠፍቷል። ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲሄድ ነው፤ ያንንም አውቆ ነው።

መጽሐፋችሁ እንዴት እጄ እንደገባች ካልገባዎት፣ የጎረቤቴ የጄሲ ልጅ እንግሊዝ አገር ስትዞር ከእናንተ መንደር ገዝታ «የሄስተር ወንድም አለበት» ብላ በስጦታ አመጣችልኝ። ጄሲ ለእኔ ከመስጠቷ በፊት አንብባዋለች። ከዚያ ወዲህ ሰላም ስትለኝ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። በዚህ አገር ሰው ሲሞትብሽ ድምፅ ዝቅ ይደረግልሻል፤ ሰው የገደለ ዘመድ ሲኖርሽም እንዲሁ። እኔ ሁለቱንም ሰምቻለሁና ልዩነቱን አውቀዋለሁ። የመንደሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ስሙ ከሌሎቹ ጋር ተጽፏል። ባለፈው እሑድ አንድ ሰው ቆሞ ሲያነበው፣ ቀጥሎም ዞር ብሎ እኔን ሲያየኝ ደረስኩበት። እናቴ ይህን ሳታይ አረፈች። እግዜር አንዳንዴ ሥራውን ያውቃል።

አሁን እኔ ልጠይቅ። የኮሊን ዕቃ ሲላክልን ሰዓቱ አብሮ መጣ። መስተዋቱ ቀልጦ ከቆጣሪዎቹ ጋር ተጣብቋል። የሬሳ ሣጥኑ እንዳይከፈት የተባለውም ስለተቃጠለ ነው። መጽሐፋችሁ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ግን በማጉያ መነጽር አየሁት። የአቶ ፖጊት ሸለቆ ሣሩ ለምለም ነው። ክንፉ ላይ ቀለሙ እንኳ አለ። ሞተሩ ሥር አበባ በቅሏል።

እኔ በግ አርቢ ነኝ። ደጋ ላይ እሳት የበላው መሬት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አባቴ በወጣትነቱ ያቃጠለው ጎን እስከ ዛሬ ራሰ በራ ነው። ቤንዚን ጠጥቶ የተቃጠለ ቦታ ላይ አበባ የሚበቅለው በየትኛው ሃይማኖት ነው?

መምህር ነበርኩ ብለዋል። ምን ነበር ያስተማሩት?

ሄስተር ገለስፒ

* * *

ኦልድሃው
ኖቬምበር 20 ቀን 1978

ለወይዘሮ ገለስፒ፣

ላቲን ነው። ለዚህ ነው ፎቶግራፉን ስንት ጊዜ አይቼ አበባውን ያላየሁት።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ወደ ሸለቆው ወጣሁ። እውነትዎን ነው። የቀለጠ ብረት የለም፣ ከሰል የለም፣ የተላጠ ድንጋይ የለም። ትልልቆቹን ስብርባሪዎች ገልብጬ ሥራቸውን አየሁ። ሣር ላይ ተቀምጠዋል፤ አልወደቁም፣ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ወርጄ ወደ ኢኒድ ፍሮጋት ቤት ሄድኩ። የሸለቆውም የሸንተረሩም መሬት የእሷ ነው፤ ከአባቷ የወረሰችው። ልጆቿን ላቲን ላስተምር ሞክሬ ስለነበር እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። በሩ ላይ ቆማ ባልዲ እንደያዘች አናገረችኝ። እንደተነጋገርነው ላስፍርልዎ።

«ኢኒድ፣ ያ አውሮፕላን የት ነው የወደቀው?»

«ወዲያ ማዶ።»

«እንዴት ወዲያ ማዶ? ፖጊት ሲጠይቅሽ ሸለቆው ውስጥ ነው ብለሽው የለም?»

«እሱ አውሮፕላኑ የት ነው አለኝ። አውሮፕላኑ ሸለቆው ውስጥ ነው። የት ወደቀ ያለኝ የለም።»

«ታዲያ ጠጋ ብለሽ ብትነግሪው ምን ነበረበት?»

«ሰውዬው ኮፍያውን ሳያወልቅ ነው የጠየቀኝ። አንተስ መምህር፣ ልትገባ ነው ወይስ በሩን ልትደግፍልኝ ነው?»

ገባሁ። ኮፍያዬንም አወለቅኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስብርባሪውን እንዲያነሡ የተላኩት ወታደሮች መኪና መድረስ የሚችለው በምዕራብ በኩል ብቻ ስለነበር፣ ያልተቃጠለውን እየቆራረጡ በአባቷ ፈረስ በበረዶው ላይ እየጎተቱ ሸንተረሩን አሻገሩት። ገሚሱን እንዳወረዱ በረዶው ቀለጠ፣ አፈሩ እንደ ገንፎ ሆነ፣ ፈረሱም እንቢ አለ። የቀረውን ሸለቆው ውስጥ ጥለውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ የመጡ ተጓዦች ለአክብሮት ብለው በየቦታው የተበተነውን እየለቀሙ እዚያው ከመሩት፤ መስቀል አቆሙበት። ከዚያ እኛ መጣንና ክምሩን ለካነው። ይመልከቱ፣ በእኛ አገር አንድ ነገር መስቀል ከቆመበት ሬሳው እዚያ ለመሆኑ ማንም አይጠራጠርም።

ፍሮጋቶች ለምን ዝም አሉ? የዶሮ ቤታቸውን ጣሪያ አሳየችኝ። የክንፍ ቁራጭ ነው፤ የአየር ኃይሉ ክብ ምልክት ከውስጥ በኩል ይታያል። በጦርነቱ ጊዜ ከወደቀ አውሮፕላን ብሎን መውሰድ እንኳ ያስከስስ ነበር። «አባቴ ስለዚያ ሌሊት አንድ ቃል እንዳትተነፍሱ ብሎ አስምሎናል» አለችኝ። «ሊመረምር የመጣው ፖሊስ ከዚያው ዶሮ ቤት እንቁላል ወስዷል። እሱም አልተነፈሰም።»

በማግስቱ ሸንተረሩን ተሻግረን በምሥራቅ በኩል ወሰደችኝ። ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ድንክ አስታው በድንገት ያልቅና ግራጫ መሬት ይጀምራል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምንም አልበቀለበትም። በጣቴ ጫር ሳደርገው የቀለጠ አሉሚኒየም እንደ እንባ ጠብታ ወጣ፤ ብዙ። ከጠባሳው በታች መሬቱን እየቧጠጠ የመጣበት ቦይ እስካሁን አለ፤ አቅጣጫው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። ካርታዬን ዘርግቼ በበረራ ዕቅዳቸው ላይ ካለው የመጨረሻ መታጠፊያ እስከ ጦር ሰፈሩ መስመር አሰመርኩ። መስመሩ በራሰ በራው መሬት መካከል ያልፋል።

ወይዘሮ ገለስፒ፣ ወንድምዎ መንገዱን አልሳተም። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይህን አቀርባለሁ። ድንጋዩ ገና አልተቀረጸም፤ ነገሩ እንደሚስተካከል አልጠራጠርም።

ኤድጋር ሺምዌል

* * *

ኦልድሃው
ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1979

ለወይዘሮ ገለስፒ፣

የገና ደብዳቤዎ ምስጋናም ጥያቄም ነበረበት። ምስጋናውን አስቀምጬዋለሁ። ጥያቄውን በኖቬምበሩ ደብዳቤዬ ዘልዬው ነበር፤ እርስዎ ደግሞ «በር ላይ የተኛ ውሻ እንደሚዘል ሰው ዘለሉት» አሉኝ። እውነት ነው፣ ውሻው አለ። መንገዳቸው ትክክል ከነበረ ለምን ከኮረብታ ጋር ተላተሙ? ዝቅ ብለው ስለበረሩ። ዝቅ ብሎ የሚያበረው ማነው? አብራሪው ነው። እሱ ሳጅን ስታንሊ ግሪቭ ይባላል፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ይህን ያልጻፍኩልዎ ለእርስዎ የምሥራች ስጽፍ የሌላ ሰው መርዶ አብሮ በፖስታ እንዳይመጣ ብዬ ነው። ስብሰባው ግን የፈራሁትን አመጣው።

የቀለጡትን ጠብታዎች ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። የኮሚቴው አባል የሆኑት የመንደሩ ቄስ አንዱን አንሥተው አዩና «የሚያሳዝን ነው» አሉ። አቶ ፖጊት ደግሞ አንድ በአንድ አገላብጠው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጥሩ» አሉ።

«ጥሩ ማለት?» አልኩ።

«ተሳስተናል። ሬኒክ አይደለም፣ ግሪቭ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ገና አልጀመረም። «አቅጣጫ መሪው» የሚለውን አውጥተን «አብራሪው» የሚለውን እናስገባለን። ቦታውም ይበቃል።»

«ሌናርድ፣ ማንንም ባንወቅስስ?»

«እንዴት ሆኖ? አውሮፕላኑ ወድቋል እኮ ኤድጋር። ያጠፋ ሰው መኖር አለበት።»

«የላካቸውስ?»

«የላካቸው በውስጡ አልነበረም» አሉኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። ቀጥለውም ሻይ አዘዙ።

አሁን የከበደኝን ልንገርዎ። በጁን ጨርቁን ጎትተው ድንጋዩን የሚገልጡት የስታንሊ ግሪቭ እናት ናቸው። በሕይወት የተገኙት ብቸኛ ወላጅ እሳቸው ስለሆኑ ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ተጋብዘዋል። ከጨርቁ ሥር የልጃቸውን ጥፋት ሊያነቡ ነው። ይህን ለኮሚቴው ስናገር አቶ ፖጊት «ዓይናቸው ደካማ ነው» አሉ።

እርስዎ የፈለጉት ተፈጽሟል፤ ከኮሊን ስም አጠገብ ያለው ቃል ይነሣል። የቀረውን እንድታገልበት ወይም እንድተወው ይንገሩኝ። ቢተዉት አልቀየምዎትም።

ኤድጋር ሺምዌል

* * *

ራንፈርሊ
ማርች 6 ቀን 1979

ኤድጋር፣

«ቢተዉት አልቀየምዎትም» የሚል ሰው እንዲተውለት አይፈልግም። በስምዎ የምጠራዎ ተቆጥቼ ነው፤ በማዕረግ ስም መቆጣት ይረዝምብኛል።

የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። አልዋሽዎትም። ደብዳቤውን ይዤ ወደ ጄሲ ቤት ግማሽ መንገድ ሄጄ ነበር። «ሌላ ሰው ነው» ልላት። አጥሯ ጋ ስደርስ አንድ ነገር ታየኝ፤ ያቺ የስታንሊ እናት የምትኖርበት አገርም አጥር አለው፣ ከአጥሩ ማዶም ድምፅ ዝቅ የምታደርግ ጄሲ አለች። ተመለስኩ። እስከ ማታ ድረስ ለማንም ጥሩ አልነበርኩም፤ ባሌን ብትጠይቁት ከዚያ በፊትም አልነበረችም ይላችኋል።

እኔ ያናደደኝ ምን ነበር? ስሙ የተሳሳተ መሆኑ አልነበረም። በጉም፣ በክረምት፣ አንዱ ያረጀ አውሮፕላን ላይ ልጆች ጭኖ «ሂዱ» ያለ ሰው አለ። ያ ሰው ያን ሌሊት አልጋው ላይ ተኝቷል። ከዚያ ተነሥቶ ለእናቴ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት የኀዘን ደብዳቤ ጽፏል፤ አርጅቶም በሰላም ሞቶ ይሆናል። በጁን ሰንደቅ ተውለብልቦ፣ ሙዚቃ ተነፍቶ፣ ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ግን የሞተው ልጅ ጥፋት ነው። ለምን መሰለዎት? የሞተ ሰው ጠበቃ አይቀጥርም። ከእናንተ ፖጊት የሚርቅ አይደለም ያሰበው፤ በውስጡ ያልነበረ ሰው አያጠፋም።

ስለዚህ አይተዉት። ከስሞቹ ሥር ይህን ብቻ ይጻፉ፤ «በተላኩበት መንገድ ላይ ነበሩ።» ውሸት የለበትም። ኮሊንን ያወጣዋል፣ ስታንሊን አያስገባውም። የላካቸው ሰው ደግሞ፣ በሕይወት ካለና መንገዱ በዚያ ከጣለው፣ አንብቦ የመሰለውን ያስብ።

ሴትዮዋን ሄደው አይተዋቸዋል? ካላዩ ምን እየጠበቁ ነው?

ሄስተር

* * *

ኦልድሃው
ሜይ 3 ቀን 1979

ውድ ሄስተር፣

አሁን አይቻቸዋለሁ። ምን እጠብቅ እንደነበር እንኳ ልንገርዎ፤ ድፍረት ነበር፣ አልመጣም፤ ስለዚህ ያለ እሱ ሄድኩ።

ወይዘሮ ግሪቭ የሚኖሩት ከተማ ባለው የአረጋውያን ቤት ነው። ጆሯቸው ከብዷል፣ ዓይናቸውም ለፊደል ደክሟል፤ ሌላው ሁሉ ስለታም ነው። ገና ሳልቀመጥ፣ «ከዚያ ፖጊት ከሚባለው ጋር ነህ?» አሉኝ።

«አብረን እንሠራለን።»

«አምና መጥቶ ነበር። ልጅሽን የገደለው የኒው ዚላንዱ ልጅ ነው አለኝ። ብስኩቴን በላ።»

«አሁን ደግሞ...»

«አሁን ደግሞ ስታንሊ ራሱ ነው ሊል ነው። ፊትህ ላይ ተጽፏል። ብስኩቱን ይመልስ።»

ከዚያ ስለ ኮሊን ነገሩኝ፤ ይህን ቃል በቃል መስማት የእርስዎ ድርሻ ነው። ስታንሊ በእረፍት ቀኑ ምሳ ሊጋብዘው ወደ ቤት ይዞት መጥቶ ነበር። መብራት የተከለከለበት ዘመን ነው፤ ላዩ ላይ ጉም ወረደ። አውቶቡሱ ከከተማው ውጭ ቆመ፤ ሾፌሩ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገው፣ የት እንዳለ ጠፋበት። «ያ ልጅ ወረደና ከፊት ከፊት እየሄደ አውቶቡሱን እስከ ገበያው አደባባይ መራው» አሉኝ። «አገራችንን አይቶ አያውቅም፤ ጠዋት ካርታ ነበር ያየው። ከዚያ ቤቴ ገብቶ ስለዘገየሁ ይቅርታ አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እሱ ነው መንገድ የሳተው ሲሉኝ፣ ይህን አውቶቡስ ስንቴ ነዳሁባቸው። ማን ይሰማል?»

«ልጅዎስ ስለ አውሮፕላኑ ያሉት ነገር ነበር?»

«የከፍታ መለኪያው እንደ አባቴ ነው ይለኝ ነበር፤ ደስ ያለውን ነው የሚናገረው። አንሄድም በሉ አልኩት። አንሄድም ያለ ፈሪ ተብሎ ይጻፋል አለኝ። ልጄን ከቀበርኩ በኋላ ለመጣው መኮንን ይህንኑ ነገርኩት። እጄን ያዝ አደረገና፣ ኀዘን እንዲህ ያናግራል አለኝ። ከዚያ ሻዩን ጨርሶ ሄደ።»

ይህን ላረጋግጥ አልችልም፤ መለኪያው ቀልጧል፣ መኮንኑም ሞቷል። የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ግን ጮኼ አነበብኩላቸው። ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። «የጻፈችው እህቱ ናት?» አሉ። «እሷ እንደሆነች ታስታውቃለች። ይኼ ይጻፍ።»

ቃልዎን በጽሑፍ ለኮሚቴው አስገብቻለሁ። ቄሱ ደገፉኝ። አቶ ፖጊት «ይታሰብበታል» ብለዋል። በኢንሹራንስ ቋንቋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ያውቃል።

ኤድጋር

* * *

ኦልድሃው
ጁላይ 21 ቀን 1979

ውድ ሄስተር፣

ቴሌግራምዎ አንድ ቃል ብቻ ነበረው፤ «ተገለጠ?» የምሥራች ቢሆን ኖሮ ፈጥኜ እጽፍልዎ እንደነበር ገብቶዎታል። አልተገለጠም ነበር። አሁን ተገልጧል። በመካከል ያለውን ላጫውትዎ።

ቀኑ የእኛ በጋ ነው፤ ማለት ዝናብና ንፋስ። ወይዘሮ ግሪቭ ከእነ ተሽከርካሪ ወንበራቸው በኢኒድ ትራክተር ተጎታች ላይ ሆነው ሸለቆው ድረስ መጡ፤ እንደ ንግሥት፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው። የሙዚቃ ጓዱ አለ፣ የአየር ኃይሉ አረጋውያን ሜዳልያቸውን አድርገው ተሰልፈዋል። ከጨርቁ ሥር ምን እንደተቀረጸ ከአቶ ፖጊትና ከድንጋይ ጠራቢው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ብጠይቅ «ሲገለጥ ታየዋለህ» ነው የተባልኩት።

ንግግር ተደረገ። ረጅም ነበር። ከዚያ ገመዱን ለወይዘሮ ግሪቭ ሰጧቸው። ያዙትና ቆዩ።

«ከሥሩ ምን ተጽፏል?» አሉ።

«እርስዎ ሲጎትቱት ይታያል» አሉ አቶ ፖጊት፣ ፈገግ ብለው።

«እኔ ያላነበብኩት ላይ አልፈርምም። ኢኒድ፣ እስቲ ግለጪና አንብቢልኝ።»

አቶ ፖጊት ሊከላከሉ እጃቸውን ዘረጉ። ኢኒድ ፍሮጋት ግን በግ ስትሸልት የኖረች ሴት ናት፤ በክርኗ ገፋ አደረገቻቸውና ጨርቁን በአንድ ጎን አንሥታ፣ ውሻዋን ከማዶ በምትጠራበት ድምፅ አነበበች። «በአብራሪው ስህተት።»

ወይዘሮ ግሪቭ ገመዱን ለቀቁት። አልጮኹም። «ቤቴ ውሰዱኝ» አሉ። የሙዚቃ ጓዱ መሪ ምን እንደሆነ ስላልገባው መዝሙሩን ጀመረ። ትራክተሩ ሲነሣ አረጋውያኑ አንድ በአንድ ከሰልፉ እየወጡ ተከተሉት፤ ቄሱም ልብሳቸውን ሰብስበው። አቶ ፖጊት፣ ድንጋዩና ሙዚቃው ብቻ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ወደ ሸለቆው የሚወስደው መንገድ በኢኒድ መሬት ላይ ስለሚያልፍ በሩን ቆለፈችው። «በጎቼ ሰው አይወዱም» ትላለች ለሚጠይቃት። ድንጋዩ እንደተሸፈነ፣ ከዋናው መንገድ ሲያዩት እንደ ታሰረ ላም ቆሞ ሰነበተ። በመጠጥ ቤት የማያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ አቶ ፖጊትን ስለ ላሟ ይጠይቋቸው ጀመር። በመጨረሻ «ለድንጋዩ ውበት ሲባል» ተብሎ ኮሚቴው ወሰነ። ድንጋይ ጠራቢው ዓረፍተ ነገሩን ፋቀው፤ በፋቀበት ጎድጓዳ ውስጥ የእርስዎን ቃል ቀረጸ። ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ግሪቭ ሄደው ገለጡት። ሙዚቃ አልነበረም። በጣታቸው ፊደሉን አንድ በአንድ ዳበሱ፤ መጀመሪያ የልጃቸውን ስም፣ ቀጥሎ የኮሊንን።

ያልሆነውንም ልንገርዎ። ድንጋዩ አሁንም ያለው ሸለቆው ውስጥ፣ ባልወደቁበት ቦታ ነው። መጽሐፏም እንደ ድሮው ትሸጣለች፤ የታተመው እስኪያልቅ እርማት አይገባም ብለዋል። እኔ በየሱቁ እየዞርኩ እንዳይሸጧት እየለመንኩ ነው። አንዳንዱ ሰምቶኛል።

አቶ ፖጊት ከዚያ ወዲህ ተሰብረዋል ማለት እችላለሁ። ሰላምታ ሲሰጡኝ ዓይኔን አያዩም። ትናንት በመንገድ አስቁመውኝ «የኒው ዚላንዷ ሴትዮ ተቀይማኛለች?» ብለው ጠየቁኝ። ይቅር ብለዋቸዋል ብዬ ልንገራቸው?

ኤድጋር

* * *

ራንፈርሊ
ኦገስት 14 ቀን 1979

ውድ ኤድጋር፣

ደብዳቤዎን ለባሌ ጮኼ አነበብኩለት። ኢኒድ በክርኗ የገፋችበት ላይ እንድደግምለት ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ይዤው ወደ ጄሲ ሄድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ አጥሩን አልፌ ገባሁ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ «አንብቢ» አልኳት። አንብባ ስትጨርስ ድሮ በምታናግረኝ ድምፅ፣ ማለት እየጮኸች፣ «ታዲያ መጽሐፉን ለምን አያቃጥሉትም?» አለችኝ። ይህን ለኮሚቴው በእሷ ስም ያስተላልፉልኝ። ልጇ የገዛችው ቅጂ የእሷው ምድጃ ውስጥ ነው ያለው፤ እንደ አውሮፕላኑ ሁሉ እዚያ አልወደቀም፣ ተወስዶ ነው።

ለወይዘሮ ግሪቭ በተለየ ፖስታ ጽፌላቸዋለሁ። ኮሊን ስለዚያ ምሳ ለእናቴ ጽፎላት ነበር፤ ዶሮው ጠንካራ ነበር፣ ሴትዮዋ ግን ደግ ነበሩ ይላል። ስለ ዶሮው ያለውን ልተወው ብዬ ነበር፤ ከዚያ እርስዎ የጻፉልኝን ሴት አሰብኩና እንዳለ ጻፍኩት። ስለ አውቶቡሱ ምንም አላለም። ለእሱ ምንም አልነበረማ፤ መንገዱን ያውቀዋል።

ድንጋዩን ወደ ራሰ በራው መሬት ለማሻገር እንዳይደክሙ። አንድ ጊዜ በፈረስ ተጎትተዋል፣ ይበቃቸዋል። ኢኒድ ግን በሩን ትክፈት፤ የሚመጣ ሰው ካለ ኮፍያውን አውልቆ ከጠየቃት የት እንደወደቁ እሷ ትነግረዋለች።

አሁን ወደ አቶ ፖጊት። ይቅር ብላቸዋለች ብዬ ልንገራቸው ወይ ብለዋል። ሰውየው ኮሊንን በሐሰት ወነጀለ፤ ያ ስህተት ነው፣ ስህተት ይደርሳል። እውነቱ ከታየው በኋላ ደግሞ ለአንዲት ያረጀች ሴት ገመድ አስይዞ ልጇን በገዛ እጇ ሊያስወቅሳት ተሰናዳ፤ ያ ስህተት አይደለም። ተቀይማኛለች ወይ ብሎ እርስዎን በመንገድ ላይ ጠየቀ። እኔ አድራሻ አለኝ፤ እሱም ያውቀዋል፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን ያነበበው እሱ ነው። ይቅርታ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ያልተጠየቅኩትን መስጠት አልለመድኩም።

እንዲህ ብለው ይንገሩት፤ ይጻፍልኝ፣ አነበዋለሁ፣ አስብበታለሁ። ሴፕቴምበር ላይ እንዳይሆን ብቻ። ሸለታ ነው፣ ጊዜ የለኝም።

ሄስተር